በነሐሴ የምትዘፍን ወፍ

ነፋሱ የመጣው ለቴሌቪዥኑ ነበር።

ሄሚን የሰው ቁመት የሚያህል የቴሌቪዥን ካርቶን ጀርባው ላይ በገመድ ጠፍሮ፣ ስፋቱ ከሁለት ጫማ በማይበልጥ የቋጥኝ ጠርዝ ላይ ሲራመድ፣ ከሜዳው በኩል የተነሳው ትኩስ አቧራማ ነፋስ ካርቶኑን ከጎኑ ላተመው። አንድ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ገደሉ ታች ድረስ አይታይም፤ ለሚወድቅ ሰው ግን ታየ አልታየ ምን ይረባዋል።

«ተቀመጥ!» ብለው ጮኹ ከኋላው ማም ፈረጅ፤ በአገሩ ቋንቋ «ማም» አጎት ማለት ነው። «ቁጭ በል እንጂ፣ አንተ የተማርክ!»

ቁጭ አለ። ነፋሱ በቂጡ እየጎተተ ወደ ጠርዙ ወሰደው። ጠጠሩ ከሥሩ እየተንሸራተተ ገደል ገባ። ማም ፈረጅ የከዘራቸውን ቆልማማ ጫፍ ካርቶኑ በታሰረበት ገመድ አሳልፈው፣ ድንጋይ ላይ በደረታቸው ተዘርግተው ያዙት። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጀርባቸው ላይ አርባ ኪሎ ሻይ ቅጠል አለ፤ ከሻይ ቅጠሉ አናት ላይ ደግሞ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ክብ ቅርጫት።

ነፋሱ እንደመጣ ሄደ። ሁለቱም አቧራ ለብሰው፣ አባትና ልጅ መስለው ተያዩ።

«ደህና ነህ?» አሉ ማም ፈረጅ።

«ደህና ነኝ ማም፣ አላህ ይስጥልኝ...»

«አንተን አይደለም» አሉና ብርሃን እንዳይገባ በመዳፋቸው እየጋረዱ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርገው ቅርጫቱ ውስጥ አዩ። ከውስጥ አንድ ቁጡ ቀይ ዓይን መልሶ አያቸው። ሚርዛ ነው፤ ቆቃቸው።

በሾራው ሸለቆ ወንድ ልጅ ሻይ ቤት የሚገባው ቆቁን ይዞ ነው። ቅርጫቶቹ ግድግዳው ላይ በረድፍ ይሰቀላሉ፤ አርባ ቆቅ ባንድ ጊዜ ቢጮኽ እንኳ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ለይቶ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ «የኔ ነው» ይላል። ማም ፈረጅ ድንበር ሲሻገሩም ሚርዛን ቤት ትተው አይሄዱም። አንዴ ትተውት ሄደው ሲመለሱ፣ ባለቤታቸው እንግዳ መጥቶባቸው ቢላ ሲስሉ ደርሰዋል። ስለዚህ ሚርዛ አብሮ ይጓዛል፤ ግን በሕግ። ማዶ ካለችው መንደራቸው ምንጭ ሳይደርሱ ጨርቁ አይነሳም፤ ቆቅ ብርሃን ካየ ይጮኻልና። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ሕግ አንድም ቀን አልተጣሰም።

ሦስተኛዋ መንገደኛ ከፊት ናት። ጉላላ ባሏን ከሁለት ክረምት በፊት በረዶ ያስቀረባት፣ እሱ የተወውን ገመድ አንስታ መሸከም የጀመረች ሴት ናት። ዛሬ ጀርባዋ ላይ ሠላሳ ኪሎ የሕፃናት ወተት ይዛለች፤ ምላሷ ግን አይመዘንም። ከሁለቱ ግማሽ ሰዓት ትቀድማለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ታፏጫለች፤ ያን ጊዜ ይከተሏታል። ፉጨት ካልሰሙ ባሉበት ይቆማሉ።

ፉጨቱ የሄሚን ዕውቀት ነው። የሄሚን ኩራትም እሱው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሚያዝያ ነበር። የኮንትሮባንድ ተሸካሚዎቹ ያን ጊዜ እንደ ቆቅ ነበር የሚያፏጩት። ጀውሀር የሚባል የአገሩ አንደኛ ቆቅ አዳኝ ደግሞ፣ ከቆቅ ይልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሸከም የገባው ዕለት ሙያውን አሻሽሎ ሽፍታ ሆኗል። የሰው ቆቅና የእግዜር ቆቅ ለጀውሀር አንድ አይደሉም፤ ሁለት ጊዜ ሲያፏጩ ሰምቶ፣ በሦስተኛው ገደሉ አንገት ላይ ጠበቃቸው። ሸክሙን ሁሉ ወሰደ። አልሰጥም ያለውን ሳላር የሚባለውን ሰው ከነሸክሙ ለገደሉ ለቀቀው።

ከቀብሩ በኋላ ሄሚን ሻይ ቤቱ ውስጥ ብድግ አለ። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ተሸካሚ ስለሆነ «ዶክተር» ይሉታል፤ ትምህርቱንም ሸክሙንም ባንድ ስም መስደብ መሆኑ ነው። በደረቁ ተራራ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ግራጫ ወፍ መቶ ሰማንያ ገጽ ጽፏል። ገጾቹን ያነበቡት መምህሩና እናቱ ናቸው፤ እናቱ ማንበብ አትችልም።

«ግራጫ ናት» አለ ለተሰበሰበው። «አቧራ ትመስላለች። ደረቷ ላይ ምልክት የለ፣ አናቷ ላይ ቀለም የለ። የሚመስሏት ሌሎች ወፎች አሉ፤ እነሱ ግን ጭራቸውን ወደ ታች ብቻ ነው የሚነቀንቁት። ይህቺ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ...»

«ቁንጥንጧን ነው የምትለን?» አለች ጉላላ። «ታዲያ ቁንጥንጥ አትልም ነበር? ለዚህ ነው ስድስት ዓመት የተማርከው?»

ተሳቀ። ቢሆንም ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በዚያ ወር በየአልሞንድ ቁጥቋጦው ላይ አንድ ቁንጥንጥ ተቀምጣ ትዘፍን ነበር፤ በመቶ ወፍ መሀል አንድ ሰው ቢያፏጭ ማን ይለየዋል? ጀውሀር የቆቅ ሰው ነው፤ ትንንሽ ወፍ ጉዳዩ አይደለም። ሄሚን አፏጭቶ አሳያቸው፤ በአንድ ሳምንት ሁሉም ለመዱት። ጉላላ ብቻ መጨረሻው ላይ ፍየል ስትጠራ የምታደርገውን ቅላጼ ትጨምርበታለች፤ ቢላት ቢመክራት አልተወችም።

ማም ፈረጅ የዚያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «እስከ መቼ?»

«እስከ መቼ ምን?»

«ተወው» ብለው ስኳራቸውን ጥርሳቸው መሀል አድርገው ሻያቸውን ማጡ።

ግንቦት ሰላም ሆነ። ሰኔ ሰላም ሆነ። ሐምሌም።

ዛሬ ነሐሴ አሥራ አምስት ነው።

ከቋጥኙ ወርደው ቁጥቋጦው ውስጥ ሲገቡ ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ቆማለች። በእኩለ ቀን የሚሻገሩት ጠረፍ ጠባቂም ሰው ስለሆነ ነው፤ በዚህ ሐሩር ጠብመንጃውን አስደግፎ ይተኛል። ምድሩ ነጭ ድንጋይ፣ እሾህና የዱር አልሞንድ ነው። ድንጋዩ በጫማ ውስጥ አልፎ ያቃጥላል። የሄሚን ውሃ አልቋል። ምላሱ አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎታል።

ቀዝዋን የሚሏቸው የዱር ፒስታሽዮ ዛፎች ፍሬያቸው ቀልቷል። ጫካው ጸጥ ብሏል። ሄሚን ጸጥታውን ሰማው፤ ግን ሙቀት ነው አለ ለራሱ።

አንድ ትልቅ ድንጋይ ጥላ ሥር ቆም እንዳሉ፣ ከድንጋዩ ጎን ባለ ጠፍጣፋ አለት ላይ ሄሚን አንድ ሸረሪት አየ። ረጃጅም እግር ያለው፣ ወፍራም ሸረሪት ነው፤ ወደፊት ትንሽ ይሄድና ይመለሳል፣ ይሄድና ይመለሳል። ከእሾሁ ውስጥ ደግሞ አንዲት ግራጫ ነገር ብቅ አለች።

ጭራዋ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ።

«ማም! ይኸውልዎ!» አለ ሄሚን በሹክሹክታ፤ ጥሙን ረሳው። «እሷ ናት! እንዴት እንደ ሰባች ይዩዋት፣ ለጉዞ ነው። ኢትዮጵያ ነው የምትከርመው፣ ኦጋዴን፤ በረሃውንም ባሕሩንም አቋርጣ...»

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት።»

«ሸክም የላትማ» አሉ ማም ፈረጅ።

ሄሚን ይበልጥ ሊያያት አንድ እርምጃ ተጠጋ። ወፊቱ አንገቷን አዘነበለች፤ ሸረሪቱን አየችው። ዘላ ወረደችበት።

አለቱ አፉን ከፈተ።

እንደዚያ ነው የመሰለው። ድንጋይ የነበረው ነገር ተወረወረ፤ ግራጫዋ ወፍ ከነክንፏ መንጋጋ ውስጥ ገባች፤ ሸረሪቱ ደግሞ የእፉኝቱ የጭራ ጫፍ ሆኖ ተገኘ። ሄሚን ለመጮህ አፉን ሲከፍት የከዘራው ቆልማማ ጫፍ አንገቱን ይዞ ወደ ኋላ ጣለው። ከዚያው ድንጋይ ሥር፣ ማንም ያላየው ሁለተኛ እፉኝት ተስፈንጥሮ እግሩ የነበረበትን ቦታ ስቶ ካርቶኑን ነከሰ። መርዙ «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ወረደ።

በእጃቸውም በእግራቸውም እየዳሁ ሃያ እርምጃ ሸሹ። ማም ፈረጅ በመጀመሪያ ቅርጫቱን፣ ቀጥለው የሄሚንን እግር አዩ።

«ባለ ሸረሪት ጭራ ይባላል» አሉ። «የአገሩ ወፍ አይሸወድለትም፤ ያውቀዋል። እሱ የሚበላው መንገደኛውን ነው።»

በዚያች ቅጽበት ከላይ፣ ከቀኝ በኩል ካለው ተረተር፣ የጉላላ ፉጨት መጣ። መጨረሻው ላይ የፍየል መጥሪያዋ አለበት። መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው። ሄሚን ሸክሙን ሊያስተካክል ጎንበስ አለ።

ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሌላ ፉጨት ተሰማ። ይኼኛው ከታች ነው፤ ከግራ፣ ከገደሉ አንገት። የፍየል መጥሪያ የለበትም። አንድም ስህተት የለበትም። የግንቦትን ማለዳ ቆርጦ ያመጣ ይመስላል።

«ሌላ ቁንጥንጥ» አለ ሄሚን ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። አሁን የተበላችውን ወፍ አስታወሰ፤ አፏ ዝግ ነበር። ጫጩቶቹ ሲበሩ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ቁንጥንጥ ዘፈኗን ታቆማለች። ይህን ከሰው አልሰማውም። ራሱ ነው የጻፈው፤ ገጽ ዘጠና አራት።

«ማም» አለ። «በነሐሴ አትዘፍንም።»

«አትዘፍንም።»

«ያውቁ ነበር?»

«እስከ መቼ ብዬህ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቶ ሰማንያ ገጽ ጽፈህ!» አሉ ማም ፈረጅ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም እፍረትም ነበረበት። «የተማረ ሰው ሌላ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል ብዬ ነዋ።»

ወር ተኩል። ወር ተኩል ሙሉ በዚህ ተራራ ላይ የምትዘፍን ብቸኛ ቁንጥንጥ ጉላላ ነበረች። ሄሚን መደበቂያ መስሎት የሰጣት ነገር አንገቷ ላይ የታሰረ ቃጭል ነው። ጀውሀር ደግሞ ተቀምጦ ሰምቷል፣ ተምሯል፣ አሻሽሏል። አሁን ጭራውን እያወዛወዘ ነው። ጉላላ ከታች የሰማችውን ፉጨት የሄሚን ነው ብላ፣ መንገድ ቀይረው ገደሉ ውስጥ የገቡ መስሏት ትወርዳለች። ከታች የሚጠብቃት ሳላርን ገደል የለቀቀው እጅ ነው።

«እንጥራት» አለ ሄሚን።

«ድምፃችን ቀድሞ እሱ ጋ ይደርሳል። ያኔ አድፍጦ መጠበቁን ይተውና ይተኩሳል።» ማም ፈረጅ ወደ ላይ አንጋጠጡ። ከተረተሩ ጠጠር ሲንኮታኮት ተሰማ፤ እየወረደች ነው። «አንድ የምታውቀው ነገር አለ። ሚርዛ ከምንጩ በፊት እንደማይገለጥ ታውቃለች። ድምፁን ባልሆነ ቦታ ከሰማች...»

«ትቆማለች።»

«ጀውሀርም ያውቀዋል። ስድስት ዓመት ሽጥልኝ ሲለኝ ነው የኖረው። በቅሎ ከነኮርቻዋ አምጥቶልኝ ነበር፤ መልሼበታለሁ።»

ሄሚን ገደሉን ተሻግሮ ወዲያኛውን ጎን አየ። ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከድንጋዮቹ ወዲያ ያለው ተዳፋት በድሮ ጦርነት ፈንጂ የተዘራበት ነው። ፍየል አይገባም፣ እረኛ አይገባም። ስለዚህም የአገሩ ቁጥቋጦ ሁሉ እዚያ ነው የሚወፍረው፤ የአገሩም ቁንጥንጥ እዚያ ነው የምትራባው።

«እዚያ ልውሰደው» አለ።

«አብደሃል?»

«ሦስት ጸደይ የሠራሁት እዚያ ነው። ፈንጂ አምካኞቹ አንድ ሜትር ስፋት ያላት መንገድ ከፍተው በጀት አለቀ ብለው ሄዱ። በዚያች መንገድ ዳር ጎጆ ባገኘሁበት ቁጥቋጦ ሁሉ ላይ ጨርቅ አስሬያለሁ። ጀውሀር ግን አንድ እርምጃ አይገባም።»

ማም ፈረጅ ቅርጫቱን ከሸክማቸው ፈቱ። እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቆየ።

«መልሰህ ታመጣዋለህ።»

«አመጣዋለሁ።»

ቴሌቪዥኑ እዚያው ቀረ። ሄሚን ቅርጫቱን በደረቱ አቅፎ ገደሉን በጠባቡ በኩል ዘለለው፤ በእሾህ ውስጥ በሆዱ ተሳበ፤ በግንባሩ ላብ እየታወረ የቀዮቹ ድንጋዮች ረድፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያሰራቸው ጨርቆች ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ፀሐይና ነፋስ የተዉለት አሥራ አንዱን ነው።

መጀመሪያው ቁጥቋጦ ላይ ጨርቅ አለ። ገባ።

ሁለተኛው ላይ አለ። ሦስተኛው ላይ የለም። ሄሚን ዓይኑን ጨፈነና ያን ጸደይ ፈለገ፤ ሦስተኛው ጎጆ ከጉልበት ከፍ ብሎ ነበር፣ በሸረሪት ድር የተሰፋ፣ አራት እንቁላል፤ እንቁላሎቹን ለማየት ወደ ቀኝ ነበር ያጎነበስኩት። ወደ ቀኝ ረገጠ። ምድሩ ዝም አለ። አራተኛው፤ እባብ የበላው። አምስተኛው፤ እናትየዋ ጣቴን የነከሰችው። የወፊቱን ስም በሁለት የሞቱ ቋንቋዎች የሚያውቅ ሰው፣ አሁን ነፍሱ የተንጠለጠለው የት ጋ እንዳጎነበሰ በማስታወሱ ላይ ነበር። አሥረኛው ጋ ሁለት መሳይ ቁጥቋጦዎች ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁት። በአንደኛው ውስጥ እጁን ሰዶ ዳበሰ፤ ጣቱ የደረቀች ትንሽ ጽዋ የመሰለች ነገር ነካ። ባዶ ጎጆ። በዚያ በኩል ረገጠ።

ከታች ፉጨቱ ደግሞ መጣ፤ ንጹሕ፣ ጣፋጭ። ከተረተሩ የሚወርደው ጠጠር ፈጠነ።

ሄሚን መንገዷ የምታልቅበት አለት ላይ ቅርጫቱን አስቀምጦ ቀዩን ጨርቅ ገፈፈው።

ሚርዛ ዓለምን አየ። አንገቱን አሰገገ፣ ደረቱን ነፋ፣ ከዚያም ስድስት ዓመት በጨርቅ የታፈነበትን ንዴት ሁሉ ባንድ ጊዜ አወጣው። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው።

ጠጠሩ ቆመ። ጉላላ ባለችበት ተተክላ ቀረች።

«ሚርዛ!» አለ ከታች አንድ ድምፅ፤ ሰው የጠፋ ልጁን እንደሚጠራ ነበር። ጀውሀር ከገደሉ አንገት ወጣ፤ ጠብመንጃው ትከሻው ላይ ነው፣ ሁለት ሰዎቹ ይከተሉታል። እየሮጠ መጥቶ ቀዮቹ ድንጋዮች ጋ ሲደርስ ልጓም እንደተሳበ ፈረስ ቆመ። «ፈረጅ! የት ነህ? ምን አግኝቶህ ነው እዚህ የወሰድከው?»

«እኔ ነኝ፣ ካክ ጀውሀር» አለ ሄሚን ከአለቱ ጀርባ፣ ሽፍታውን እንደ ታላቅ ወንድም እየጠራ።

«ዶክተሩ?» ጀውሀር ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከቅርጫቱ አልተነቀለም። «ኧረ ዶክተር! ቀዝዋኑ ሲቀላ ቁንጥንጥ እንደማትዘፍን እናቴ እንኳ ታውቃለች። አገር ሁሉ ዝም ሲል አንተ ሴትዮዋን ብቻዋን ታዘፍናታለህ? አሁን እኔ ላንተ አፍሬ መሞቴ ነው!»

«እውነትህን ነው።»

ጀውሀር ክርክር ጠብቆ ስለነበር ትንሽ ግራ ገባው። ከሰዎቹ አንዱ ጠብመንጃውን አነጣጠረ። «ልበለው?»

«ቆቁን ቢነካ አንጀትህን ነው የማወጣው!» ጀውሀር አፈሙዙን በመዳፉ ወደ ላይ መታው።

ሄሚን እጁን ዘርግቶ የቅርጫቱን መዝጊያ ፈታ፤ በሩን በአንድ ጣቱ ብቻ ይዞ አቆየው። «ብለቀው ፈንጂው ውስጥ ይገባል፤ ካሁን ወዲያ ማንም አይዘውም። ተቀመጡ። ሦስታችሁም። ጠብመንጃው መሬት።»

«ዶክተር፣ በአላህ...»

«ተቀመጥ ካክ ጀውሀር።»

ተቀመጠ። የሾራው ሽፍታ፣ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩበት ሰው፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ቁጭ አለ። ሚርዛ ዘፈነ። ጀውሀር በእያንዳንዱ ጩኸት ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዴም ሳያውቀው «እሰይ» አለ። ከማዶ፣ ከነሱ ጀርባ፣ ሄሚን ብቻ በሚያየው ተረተር ላይ፣ አንድ የሻይ ቅጠል ከረጢትና አንድ የወተት ካርቶን እየተጋገዙ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ሃያ ደቂቃ። ሄሚን በሩን የያዘበትን ጣት ቀየረ። ካርቶኑ ጫፉ ላይ ደረሰ፤ ከረጢቱም ተከተለው፤ ሁለቱም ጠፉ።

ያን ጊዜ ነው ያ ያነጣጠረው ሰውዬ የጠጠር ድምፅ ሰምቶ ወደ ኋላው የዞረው። «ሸክሙ! አመለጡ እኮ! በወፍ ነው የሚያታልለን!» ብሎ ጠብመንጃውን ካነሳበት ተኮሰ።

ጥይቱ ሄሚንን ሳተው። ከጎኑ ያለውን መሬት ግን አልሳተም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሄሚን በድምፅ አያስታውሰውም። ምድሩ ተነሳ፤ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ጨርቅ ባንድነት አየር ላይ ቆሙ፤ ፊቱን መሬት ላይ አገኘው። ከግራ ጆሮው ሙቅ ነገር ይወርድ ነበር። ቅርጫቱ ተገልብጦ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ባዶውን ተኝቷል። በአቧራው ቀዳዳ በኩል ጀውሀር አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ የገዛ ሰውየውን በጠብመንጃ ሰደፍ ሲደበድብ ታየው፤ ያለ አንዳች ድምፅ። የሚያለቅስም መሰለው።

ሄሚን አቧራው ሳይረጋ በሆዱ ተመለሰ። ጨርቅ። ባዶ ጎጆ። ያጎነበሰበት ቀኝ። ጨርቅ።

ምንጩ ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጉላላ ሸክሟን አስደግፋ ተቀምጣለች፤ ማም ፈረጅ ቆመዋል። የሄሚንን ፊት አላዩም፣ የሚደማውን ጆሮውን አላዩም፤ እጁን አዩ። እጁ ላይ ቀዩ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ጨርቁን ተቀብለው በአራት አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ሁለት ድምፅ ሰማሁ» አለች ጉላላ፤ ሄሚን በቀኝ ጆሮው ብቻ እንደሚሰማ ሲገባት ዞራ በዚያ በኩል ደገመችለት። «የታቹ ካንተ የተሻለ ስለነበር እንኳን ተማረ ብዬ ነበር የምወርደው።» ልታስቀው ፈልጋ ነበር። የሻሿን ጫፍ በምንጩ ነክራ ጆሮውን ጠረገችለት።

የግራ ጆሮው ዳግም አልተከፈተም። ባንድ ጆሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። ወፍ እየሰማ የት እንዳለች የማያውቅ የወፍ ሊቅ ሆነ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ማንም ግን አልሳቀበትም። «ዶክተር» ማለቱንም ተዉት።

ማም ፈረጅ አላናገሩትም። ስምንት ወር ሙሉ አብረውት ተሻገሩ፣ እንጀራ እንደሚካፈል ሰው ዳቦና አይብ ተካፈሉት፣ በበረዶ ገመድ ወረወሩለት፤ ቃል ግን የለም። «ጉላላ፣ ለዚህ ሰውዬ ጫማህን እሰር በይው» ይላሉ፤ እሷም አንድ ክንድ ርቀት ላይ ለቆመው ሄሚን ታስተላልፋለች። ምልክታቸውም ተለወጠ፤ በየወሩ ማም ፈረጅ በጉላላ በኩል የወሩን ወፍ ይልካሉ፤ በኅዳር የምትጮኸውን፣ በጥር የማትሄደውን። ሄሚን ይጽፋል። መቶ ሰማንያ ገጽ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ አልሞንዱ ቅጠል እንዳወጣ፣ ሦስቱም ከቀዮቹ ድንጋዮች ማዶ ባለው ተረተር ላይ ሲያልፉ ዘፈን ተሰማ።

ሁሉም ቆሙ። ጉላላ ቀድማ የሄሚንን አፍ አየች። ዝግ ነው።

ጸጥ ብለው አዳመጡ። ከኦጋዴን ድረስ መጥታ፣ የማንንም ሸክም ሳትሸከም፣ እዚያው ፈንጂው ውስጥ አልሞንድ ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ሄሚን አንገቱን ወደዚህም ወደዚያም አዞረ። ዘፈኑ ከየአቅጣጫው ይመጣበታል።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ። ቁጡ፣ የሚያዝ፣ ደረት የነፋ ጩኸት። ከሱ ቀጥሎም ዝቅ ያለች፣ የሴት ቆቅ መልስ።

ማም ፈረጅ የሻይ ቅጠላቸውን ሳያወርዱ «የኔ ነው» አሉ። ከኪሳቸው ቀዩን ጨርቅ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉበት። «አግብቷል፤ ባለጌ።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ፤ ወደ ቀኙ፣ ወደሚሰማበት በኩል፤ ጉላላን አላዩም።

«የት እንዳሉ ሰማህ?»

«አልሰማሁም ማም» አለ ሄሚን። «ያሳዩኝ።»

ማም ፈረጅ የከዘራቸውን ቆልማማ ጫፍ አንገቱ ላይ አሳርፈው፣ ፊቱን በቀስታ ወደ ተዳፋቱ አዞሩት።